ጋሽ አምሀ የማያስነኩት ዲ

ቅዳሜ ማምሻውን ሰዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ጋሽ አምሀ ወልቂጤ ባለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤታቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳው ውስጥ፣ ነዳጁን የጨረሰ ጀነሬተር ነበር። ሐኪሙ «ጭሱ ነው የገደላቸው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት» አለ።

ጸሐፊዋ ሃፊዛ ደንዝዛለች። የዚያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ ብላ ስትነካካ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ዊንዶውን፣ ድምጥማጡን ያጠፋችው እሷ ናት። ሰፈሩም «እሷ ባታጠፋው ሰውየው እዚያ አይቆዩም ነበር» እያለ ሞቱን በእሷ ላይ ጣለው።

ኢንስፔክተር ማዕዶት ግን ሬሳውን ትታ ስለ ኮምፒውተሩ ትጠይቅ ጀመር፤ ጉድ እኮ ነው!

«ስታጠፊው ምን አሉሽ?»

«‹አይዞሽ፣ ዲ እስካልተነካ ምንም አይደል› አሉኝ። የደንበኛ ወረቀት ሁሉ ያለው ዲ በሚባለው ክፍል ነው፤ ወላሂ ለማንም አያስነኩም። የጠፋውን ፈልጌ አወጣለሁ ብለው ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ላኩኝ። መብራት ስላልነበረ ጀነሬተሩ በረንዳ ላይ ይሠራ ነበር።»

ታናሽ ወንድማቸው ካሳሁን የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ተሰናብቼው ወጣሁ» አለ። «ዝናብ ሲመጣ ጀነሬተሩን ራሱ አስገብቶት ይሆናላ!»

«ከዚያ አልተመለሱም?»

«ኧረ አልተመለስኩም።»

በሦስተኛው ቀን ማዕዶት ሁሉንም እዚያው ጽሕፈት ቤት ሰበሰበች። ከቡታጅራ የተጠራው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሙባሪክ ቀድሞ ተናገረ።

«ዲም ጠፍቷል። ግን ጠዋት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«መብራት የመጣው ዘጠኝ ተኩል ነው» አለች ማዕዶት። «ጋሽ አምሀ በሕይወት ቢኖሩ ዲን አይነኩም፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሞተዋል። በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፋቸው ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ። ሌላው ቁልፍ የማን ነው፣ አቶ ካሳሁን?»

«የእኔ ነው» አለ ካሳሁን።

«እስቲ አሳየን፣ ሙባሪክ።»

ሙባሪክ ከጠፋው ዲ መልሶ ያወጣው የካሳሁን ዲግሪ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ስሙ ተሞልቷል፣ ማህተሙ ግን ገና አልገባበትም።

«የተቀጠሩበትን ሐሰተኛ ዲግሪ እዚሁ ሠርተው ደምስሰውት ነበር። ወንድምዎ የጠፋውን ሲፈልጉ አብሮ ወጣ፤ ዲ ላይ አስቀመጡት። እርስዎ ከዝናብ ላስጠልለው ብለው ጀነሬተሩን ጓዳ አስገቡ፤ በሩንም ከውጭ ቆለፉ። መብራት ሲመጣ ተመልሰው ዲን አጠፉ።»

የካሳሁን ፊት አመድ መሰለ። «‹ሰኞ ቢሮህ ሄደህ ራስህ ተናገር› አለኝ። እንዴት ብዬ ነው የምናገረው?»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ማዕዶት ሃፊዛ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንቺ አልገደልሻቸውም። ማንም እንዲህ ቢልሽ ወደ እኔ ላኪው።»

ሃፊዛ እፎይ ማለት ነበረባት፤ ምንም አልተሰማትም።

«ዊንዶውን ባላጠፋው ግን ያን ዲግሪ አያገኙትም ነበር አይደል፣ እትዬ?»

ማዕዶት ልትዋሽላት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አያገኙትም ነበር» አለቻት።