የሻምፒዮኑ ፋሻ

አርጋንቴ ሉኬዚ ስልሳ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ አራት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት ከክብደት መለኪያ ሚዛን ጋር ተጋጭቶ ሞተ ተባለ። የፖሊስ ሹሙ ማሬሻሎ ኤቶሬ ፓንክራዚ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሊቮርኖ ወደብ ጀርባ ወዳለው የቦክስ ማሰልጠኛ ሲደርስ፣ የቀድሞው የአውሮፓ ሻምፒዮን በአሸዋ ከረጢቱ ሥር ተንጋሎ፣ ማጅራቱን የሚዛኑ የብረት ጠርዝ ላይ አሳርፎ አገኘው። ኮቱ ምስማር ላይ በሥርዓት ተሰቅሏል፤ እሱ በካናቴራ ነው። ሁለቱም እጆቹ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል።

በሩ ላይ ካቫሊየሬ የሚል የክብር ማዕረግ ያለው የግጥሚያ አዘጋጁ ፌሩቾ ደንቲ ያልተለኮሰ ሲጋራ እያኘከ ቆሟል።

«እኛ ሊቮርኖዎች ‹በር ላይ ከቆመ የፒሳ ሰው ቤት ውስጥ የተኛ ሬሳ ይሻላል› እንላለን» አለ። «ዛሬ ሁለቱም ደረሰብን፣ ማሬሻሎ።»

ቀልዱን ሳይጨርስ ዓይኑ እንባ ሞላ። የፒሳ ተወላጁ ማሬሻሎ ይህን ተረት ለአሥራ አንድ ዓመት ሲሰማው ስለኖረ አልተቀየመም። የሬሳውን እጆች ተመለከተ። እነዚያን እጆች ያውቃቸዋል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ የሻምፒዮናው ቀን፣ ስታዲየሙ ውስጥ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበር። የማርሴዩ ልጅ ሉሲየን ባራል ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንገዳገድ፣ ማሬሻሎው ከሃያ ሺህ ሰው ጋር ቆሞ «ጨርሰው!» ብሎ ጮኋል። አርጋንቴም ጨረሰው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ማሬሻሎው ቦክስ አይቶ አያውቅም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሲመጣ ሥራ በዛብኝ ይላል።

አሰልጣኙ ኦቴሎ ባርሳኪ አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከትቶ ተቀምጧል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። አርጋንቴን የወደብ ጫኝ ልጅ ሳለ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የስንዴ ጆንያ በቡጢ ሲደበድብ አይቶ አምጥቶ ያሳደገው እሱ ነው።

«ማኤስትሮ፣ ማን አገኘው?» አለ ማሬሻሎው፤ ከተማው አሰልጣኙን መምህር ለማለት እንዲህ ነው የሚጠራው።

«እኔ። ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ በሩ ክፍት ነው። ማልዶ መጥቶ ብቻውን ሲለማመድ አዙሮት ይሆናል።»

«ፋሻውን ማን ጠቀለለለት?»

«ራሱ ነዋ! ሃያ ዓመት የተማታ ሰው እጁን መጠቅለል ያቅተዋል?»

ማሬሻሎው ተንበረከከ። ፋሻው ንጹሕ ነው፤ ላብ የሚባል አልነካውም። በቀኝ እጁ መሐል አንጓ ላይ፣ ከፋሻው ሥር፣ እጥፍ ጥጥ ይዳሰሳል። ሬሳው ገና አልደረቀም ነበርና ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሊያጥፋቸው ሞከረ። ግማሽ መንገድ ድረስ ታጠፉ። ከዚያ ወዲያ ፋሻው ወጥሮ ያዛቸውና ጭብጥ አልሆን አሉ። በዚህ እጅ ምን ሊመታ ኖሯል? ማሬሻሎው ጥያቄውን ለጊዜው በሆዱ ያዘው።

ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን መልስ አላጣም። «ጠጥቶ ነው! በጠዋቱ ሰክሮ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህን የሰማችው የሟቹ ሚስት ኢዮላንዳ ሰውን በክርኗ እየገፋች ገባች። ሬሳውን ስታይ አልጮኸችም። ዞር ብላ ማሬሻሎውን በእጅጌው ያዘችው።

«ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ ወይን አልቀመሰም» አለች። «ሰካራም ተብሎ እንዳይቀበርብኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም፤ ስሙን ይመልሱልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ማሬሻሎው ቤቷ ሄደ። በረንዳው ላይ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ፣ ሁለት ረጃጅም የወየቡ ጨርቆች ተሰቅለዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው፣ ሲኞራ?»

«የእጁ መጠቅለያዎች ናቸው። ለልምምድ። እሁድ እሁድ አጥባቸዋለሁ። ትናንት ከባሕሩ እርጥብ ነፋስ ሲነፍስ ዋለ፤ ይኸው እስካሁን አልደረቁም።»

«ሌላ የለውም?»

«ከነዚህ በስተቀር በሌላ አይለማመድም፤ ገዴ ናቸው ይላል። ነጩ ፋሻ ለግጥሚያ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ከኦቴሎ በቀር ማንም አይጠቀልልለትም።»

«ታዲያ ዛሬ ያለነሱ ምን ሊሠራ ሄደ?»

ኢዮላንዳ ጨርቆቹን አየቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእሁዱን ውሎ አወራችው። አርጋንቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቦክስ ሊመለስ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እሁድ ከተራራው ላይ ካለችው የእመቤታችን ቤተክርስቲያን በረከት ሊቀበል ወጣ። ሲመለስ የሚወደውን ባካላ የተባለ በጨው የደረቀ ዓሣ በቲማቲም ሠርታ ብትጠብቀው አልነካውም። እስኪመሽ እጆቹን ሲያይ ዋለ።

«‹ኢዮላ፣ ያን ቀን እጄን አላመመኝም› አለኝ። ‹የቱን ቀን?› ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ማሬሻሎ። ዓይኑ እንደደከመ እያወቅሁ፣ ሊመለስ ነው ሲባል ደስ አለኝ። ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ መስማት ናፍቆኝ ነበር።»

በዚያ ቀን እንዲህ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። ደንቲን ቢሮው ሲያነጋግረው፣ ያ ጉረኛ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። «እኔ ገደልኩት! ግራ ዓይኑ ከሞላ ጎደል እንደጠፋ እያወቅሁ ነው ያስፈረምኩት።» የማሰልጠኛው ሐኪም ዶክተር ሱፒኖ ደግሞ መነጽሩን አሥር ጊዜ ከጠረገ በኋላ፣ «የጤና ማረጋገጫውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዓይኑን ሳላየው ፈረምኩ፤ ብመረምረው መከልከሌ ነበራ። እንግዲህ ገዳዩ እኔ አይደለሁም?» አለው።

ማሬሻሎው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሦስት ሰዎች ያልተጠየቁትን ተናዝዘዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እሱም የራሱን ሆድ ያውቃል።

በዚያው ምሽት ከመጨለሙ በፊት በገመድ በሚሳበው ባቡር ወደ ተራራው ወጣ። የቤተክርስቲያኑ መተላለፊያ በስለት ዕቃ ተሞልቷል፤ የዳኑ ሽባዎች ምርኩዝ፣ ጥይት የበሳው የወታደር ቆብ፣ ከማዕበል የተረፉ ጀልባዎች ሥዕል። ጥጉ ላይ የአርጋንቴ ስለት አለ፤ የሻምፒዮናው ቀን ጓንቶችና ፋሻ፣ በመስታወት ክዳን ውስጥ። ፋሻው ግን የግራ እጁ ብቻ ነው።

«የቀኙንስ?» ብሎ አዛውንቱን መነኩሴ ጠየቀ።

«ትናንት መጥቶ ‹ለግጥሚያዬ አበድሩኝ፣ መልሼ አመጣዋለሁ› አለኝ። ስለት አይበደርም፣ ልጄ። ግን ለአርጋንቴ እምቢ የሚል ሊቮርኖ ውስጥ ማን አለ? አውጥቼ ሰጠሁት። በእጁ ሲይዘው ፊቱ አመድ መሰለ።»

መነኩሴው ክዳኑን ከፍቶ የግራውን ሰጠው። እንደ ጓንቱ ቅርጹን ይዞ የቀረ ፋሻ ነው። በላዩ ላይ የማርሴዩ ልጅ ረዳት በቀለም የፈረመው ፊርማ አለ፤ ጓንት ከመደረጉ በፊት የባላጋራ ወገን ፋሻውን መርምሮ እንዲፈርም ሕጉ ያዛል። ማሬሻሎው በጣቱ ተጫነው። አልሰረጎደም። በጥፍሩ ሲፍቀው ነጭ ዱቄት ረገፈ።

የመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። «ጨርሰው!» ያለው ድምፅ የራሱ ነበር፤ አሁንም በጆሮው ውስጥ ይሰማዋል።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አራቱንም ማሰልጠኛው ውስጥ ሰበሰባቸው። ኢዮላንዳ በጥቁር ልብስ፣ ደንቲ ያለ ሲጋራ፣ ዶክተሩ መነጽሩን በእጁ ይዞ፣ ኦቴሎ በዚያው አግዳሚ ላይ። ማሬሻሎው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«ማኤስትሮ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይጠቅልሉልኝ። ልክ እንደ አርጋንቴ።»

«ምን ሊረባዎት?»

«ይጠቅልሉልኝ።»

ሽማግሌው ፋሻ ጥቅል አንሥቶ ቀረበ። «ጣትዎን ይክፈቱ» አለ፤ ሁለት ዙር። «ይጨብጡ። ጠበቀ? ይክፈቱ።» ሌላ ዙር። «አሁንም ይጨብጡ። ይክፈቱ።» መሐል አንጓው ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘው ጥጥ ቀደደና አጥፎ አስቀመጠ።

ጨርሶ ቀና ሲል ማሬሻሎው እጁን ጨበጠ። ሙሉ ቡጢ ሆነ።

«አያችሁ? ይዘጋል» አለ። «የአርጋንቴ ግን አልዘጋም። ትናንት ጣቶቹን ላጥፋቸው ብል ፋሻው ከለከለኝ። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ጠቅላዩ በየዙሩ ‹ጨብጥ፣ ክፈት› ይላል፤ ፋሻው በሚጨብጥ እጅ ላይ ነው የሚለካው። ትናንት የጠቀለለው ሰው ግን ‹ጨብጥ› ቢል የሚሰማው አልነበረም።»

ኢዮላንዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«አርጋንቴ ሊለማመድም አልመጣም» ሲል ማሬሻሎው ቀጠለ። «የልምምድ ጨርቆቹ ሲኞራ በረንዳ ላይ እርጥብ ናቸው። ፋሻው ላብ አልነካውም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ፣ አደጋ እንዲመስል፣ ሰው ኮቱን አውልቆ እጁን ጠቀለለለት። ማነው? ካቫሊየሬ ደንቲ ጫማውን እንኳ ሰው ነው የሚያስርለት። ዶክተር፣ እጥፍ ጥጥ በየትኛው አንጓ ላይ ይደረጋል?»

«እኔ... አላውቅም። ያን እጅ ጠቅልዬለት አላውቅም።»

«ማኤስትሮ ግን አሁን የኔ እጅ ላይ ያደረጉት ሳያስቡት ነው። ጥጡ ለተሰበረ አንጓ ነው፤ የኔ ደግሞ ተሰብሮ አያውቅም። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ትናንት ሦስት ሰዎች ‹እኔ ገደልኩት› አሉኝ። እርስዎ ብቻ አላሉኝም።»

ማሬሻሎው በተጠቀለለ እጁ ከኮቱ ኪስ የግራውን ፋሻ አወጣና ሚዛኑ ላይ አኖረው። እንደ ድንጋይ ቋ አለ።

«ጄሶ ነው» አለ። «ሲፈረምበት ደረቅ ዱቄት ነበር፤ ውሃ ሲነካው ደነደነ። አርጋንቴ እሁድ የቀኙን ሲይዝ ነው ያወቀው። ያን ቀን እጁን ያላመመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሰኞ ማለዳ ወደ እርስዎ መጣ።»

ሽማግሌው እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ከሸሚዙ ሥር የቀኙን ፋሻ አውጥቶ ከግራው ጎን አስቀመጠው።

«ለምን አላቃጠልከውም?» አለ ደንቲ ሳያስበው።

«የእመቤታችን ነው!» አለ ኦቴሎ ተቆጥቶ። «ስለት ይቃጠላል እንዴ? ልጁ ለሷ መሳሉን እንኳ አልነገረኝም። ካሸነፈ በኋላ፣ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ‹ፋሻዬን ለእመቤቴ› አለ። ከእጁ ፈትቼ ራሴ ወሰድኩላት፤ ፊርማ አለበት፣ በሌላ አልለውጠው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ ፊት ተቀምጦ ሲያየኝ ኖረ።»

«እንዴት አደረግከው?» አለች ኢዮላንዳ።

«ለእጁ ብዬ ነው፣ ኢዮላ! ያ ቀኝ እጁ ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። አራተኛ ከተሰበረ አለቀለት። እንዳይሰበር ብዬ እንጂ ያ የሰው ልጅ ይሞታል ብዬ... አላሰብኩም። ሰኞ መጥቶ ‹ዛሬ ወደ ማርሴይ እጽፋለሁ፤ የሻምፒዮና ቀበቶውንም እመልሳለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ኮቱን ይዤ ለመንኩት። ‹ማኤስትሮ፣ ሰው አስገደልከኝ› አለኝ። ያን ጊዜ ገፋሁት። አውሮፓ ሁሉ መጣል ያቃተውን ሰው እኔ ሽማግሌው በአንድ ግፊት ጣልኩት።»

«የጠቀለልከውስ?» አለች ኢዮላንዳ።

«አደጋ እንዲመስል ነበር። ከጀመርኩ በኋላ ግን...» ሁለቱን ፋሻዎች ጎን ለጎን አስተካከለ። «ንጹሕ ፋሻ ላድርግለት አልኩ።»

ኦቴሎ ማሬሻሎውን ቀና ብሎ አየው።

«እርስዎም ነበሩ ያን ቀን። ሦስተኛ ረድፍ። የፒሳ ሰው ለእኛ ሲጮህ ብለን ሳቅንብዎት።»

«ነበርኩ» አለ ማሬሻሎው። «‹ጨርሰው› ብያለሁ።» ከዚያ ወደ ኢዮላንዳ ዞረ። «ሲኞራ፣ ይህን ከጻፍኩ ሰካራም የሚለው ይቀራል። ሻምፒዮን የሚለውም ይቀራል።»

ኢዮላንዳ ሁለቱን ፋሻዎች አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው።

«ከቤት የወጣው ቀበቶውን ሊመልስ ነበር» አለች። «ይጻፉት።»

ማሬሻሎው የእጅ ብረቱን ሲያወጣ በተጠቀለለው እጁ ቁልፉን መያዝ አቃተው። ኦቴሎ «ይፍቀዱልኝ» አለና ፋሻውን ዙር በዙር ፈታለት፤ እንደ ልማዱ መልሶ ጠቅልሎ አግዳሚው ላይ አኖረው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

ከቀብሩ በኋላ ኢዮላንዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጣች፤ ቀበቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። ማርሴይ የባራል እናት በሕይወት አሉ፣ ባሏ ያልጻፈውን ደብዳቤ እሷ ልትጽፍ ነው፣ ግን ከምን እንደምትጀምር አታውቅም። ማሬሻሎው ብዕሩን አነሣ።

«መጀመሪያውን እኔ ልጻፈው» አለና ጻፈ፤ «እመቤቴ፣ ልጅዎ የወደቀ ቀን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበርኩ።»