ዕረፍት፣ በዐይኑ ዐ

ሟቹ አልሞተም ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንደ ወትሮው ተቀምጧል፣ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራቱ ቦግ ብሏል። ጌም ሲከፈትበት ግን ነፍሱ ትወጣለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ወታደር አንድ እርምጃ ይራመድና ይገተራል፤ ጠላት ተኩሶ፣ ገድሎ፣ መንገዱን ከቀጠለ በኋላ የደምለው ጠመንጃ ገና ይነሣል። ደምለው ረቡዕ ከሰዓት እንዲህ ሆኖ አገኘው። ሐሙስ ጠዋት ፊቱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ወይዘሮ እቴናትን ሊጠራ ሮጠ።

ሰው ለኮምፒውተር እንዲህ ይሆናል ወይ የሚል ካለ ደምለውን አያውቀውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አንድ ዕቃ እየለቀመ የገጣጠመው ነው። ግራፊክስ ካርዱን ከደጀን ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ጭኑ ላይ ታቅፎ ነው ያመጣው፤ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ሕፃን መስሏቸው «ግለጥለት እንጂ፣ ይተንፍስ» ብለውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ የጌም ቡድን በኢንተርኔት ሊፈትነው ቀጥሮታል። ካለፈ ይወስዱታል፤ ከወደቀ ሁለተኛ አይጠሩትም። ይህን የምታውቀው እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እኅቱ ሥራነሽ ብቻ ናት። እሷንም ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

ወይዘሮ እቴናት ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ፣ ኮምፒውተሩም ሲበላሽ ደፍሮ የሚከፍተው ሲጠፋ፣ ካቻቢቴ አንሥተው የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ፋይል ጠፋ ሲባል ይጠራሉ። ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የደበቀውንም ሰው ስለሚያገኙ፣ ሁሉም ደስ ብሎት አይጠራቸውም።

ኮምፒውተሩ ያለው በሥራነሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ወይዘሮ እቴናት ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉና የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡ። «እሁድ እረፍት ነው» ይላል።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሥራነሽ። «ምነው እትዬ?»

«ምንም» ብለው ገቡ።

ደምለው የቅዳሜውን ቀጠሮም፣ የጠረጠረውንም ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ባዘዘው የሚባለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሰኞ ዕለት አቧራውን አጽድቶለት ነበር። ባዘዘው ካርዱን ሽጥልኝ እያለ ሦስት ጊዜ ለምኖታል፤ እንቢ ሲለው በሌላ ለውጦበት ይሆናል። ካልሆነም ማራገቢያውን ነካክቶበት ማሽኑ በሙቀት እየታፈነ ነው። ወይዘሮ እቴናት ሰምተው ሲያበቁ ጎኑን ከፈቱና ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳከሩ። ያው ራሱ ነው። ሚሞሪዎቹ ሁለቱም አሉ፣ የስክሪኑም ገመድ ቦታው ላይ ነው። ከዚያ ጌሙን አስከፍተው መዳፋቸውን ከኋላ፣ አየር ከሚወጣበት ላይ አኖሩና ብዙ ቆዩ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

«ጥሩ አይደል እንዴ?»

«ልጄ፣ የሮጠ ሰው ያልበዋል። ይህ እየሮጠ አይደለም። አልታመመም፤ ታስሯል።»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውት ኪቦርዱን መታ መታ አደረጉ። ጥቂት ቆይተው ከቦርሳቸው ቁራጭ ወረቀት አወጡ፤ አንዲት ቃል ጽፈው አጣጥፈው መልሰው ከተቱ። ደምለው በቶሎ እንዲፈቱለት ለመናቸው። መፍታቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑን፣ ነገር ግን ያሰረው ሰው ሳይታወቅ ቢፈቱት ለቅዳሜ መልሶ እንደሚያስረው ነገሩት። ይህም ልክ ነው።

ማክሰኞ ማታ ማሽኑ ደኅና ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ታሰረ። በመካከሉ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ገብተውበታል። ሥራነሽ ጠዋት የሰው ማመልከቻ ጽፋበታለች። ባዘዘው ሰኞ ረስቶት የሄደውን ካቻቢቴ ሊወስድ መጥቶ በዚያው ከፍቶ አይቶታል። በምሳ ሰዓት ደግሞ አካለ ወልድ የተማሪዎቹን ፈተና አትሞበታል። አካለ ወልድ የደምለው አብሮ አደግ ነው፤ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥረዋል። ደምለው ዳዊት ሳይደግም ሲኮበልል አካለ ወልድ ገፍቶበት፣ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ከርሞ ተመልሶ፣ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ማታ ማታ እሱ በራሱ ላፕቶፕ፣ ደምለው በትልቁ ማሽን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ አራት ዓመታቸው ነው።

ወይዘሮ እቴናት ሦስቱንም በየተራ አነጋገሩ። ባዘዘው ክፉኛ ተቀየመ። ካርዱን መፈለጉን አልካደም፤ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» ብሎ ወጣ። ሥራነሽ ደግሞ ምንም አልደበቀችም።

«አዲስ አበባ እንዲሄድ አልፈልግም፤ ለሱም ነግሬዋለሁ» አለች። «ግን እትዬ፣ እኔ ማስቀረት ብፈልግ ሶኬቱን እነቅላለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ከየት አመጣለሁ?»

አካለ ወልድ ሲገባ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ፈተናውን አትሞ ከመውጣት በቀር የነካው እንደሌለ ተናገረ፤ ተረጋግቶ፣ ቃላቱን እየመረጠ። ሊወጣ ሲል የደምለውን ትከሻ ያዝ አደረገው።

«ለቅዳሜ ይደርስለት ይሆን፣ እትዬ?»

«እንግዲህ እናያለን» አሉት።

ደምለው የጓደኛው እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ከሦስቱ አንዱ ከድቶታል፤ ይኸኛው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነበር።

ወይዘሮ እቴናት በመጨረሻ ያዘዙት ነገር ሁሉንም አሳቃቸው። ረቡዕ ዕለት ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ከምሳም በኋላ፣ መቼ ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ መቼ እንዳረፉ፣ እያንዳንዳቸው በእጃቸው ጽፈው እንዲያመጡ አዘዙ፤ ደምለውም ጭምር። እሳቸው የቢሮ ሰው ናቸው፤ ያልተጻፈ ነገር አይጥማቸውም።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠባቧ ክፍል አምስት ሰው ይዛ ሞላች። ከውጭ ባጃጅ ያልፋል። ወይዘሮ እቴናት አራቱን ወረቀቶች ኪቦርዱ ላይ ደረደሩ።

«ሙቀት ቢሆን ባዘዘውን እጠይቅ ነበር» ብለው ጀመሩ። «አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ኮምፒውተር ኃይሉን ምን ያህል ይጠቀም የሚል ማዘዣ አለው። አንድ ሰው አዲስ ማዘዣ አውጥቶ ከመቶ ሠላሳ እንዳታልፍ ብሎታል። ለጽሕፈት ሠላሳው ይበቃል፤ ስለዚህ ሥራነሽ አልታወቃትም። ለጌም አይበቃም። ማሽኑ ደግሞ አዲስ ማዘዣ ሲወጣ ስም ስጠው ይላል። ሌላ ሰው ዝም ብሎ ያልፈው ነበር፤ ይህ ሰው ግን ስም ሳያወጣ ማለፍ አልቻለም።»

ቁራጯን ወረቀት አውጥተው ዘረጉ። «ዕረፍት» ትላለች።

«የሥራነሽን ማስታወቂያ በሩ ላይ አይታችኋል። ‹እረፍት› ያለችው በአልፋው አ ነው። ባዘዘውም እንደዚያው ጽፏል፤ ደምለውም እንደዚያው። ዛሬ ማን ይጠነቀቃል? ከአራታችሁ በዐይኑ ዐ የጻፈ አንድ ነው። ‹ለምሳ ዕረፍት ወጥቼ› ይላል ወረቀቱ።»

ማንም ወደ አካለ ወልድ ለማየት አልደፈረም። እሱ ራሱ ወረቀቱን ነበር የሚያየው።

«ስሙም ሁለት አፍ አለው» አሉ ወይዘሮ እቴናት። «ሰሙ ከሥራ ማረፍ ነው። ወርቁን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቄስ ሲሞት ‹ዐረፉ› እንላለን። በፊደል ብቻ ሰው አልከስም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሥራነሽ፣ የቅዳሜውን ቀጠሮ ለአካለ ወልድ ነግረሽዋል?»

«አስምሎኝ! ለማንም አልነገርኩም።»

«ደምለው፣ አንተስ?»

«እኔም አልነገርኩትም» አለ ደምለው። ያን ጊዜ ነው የገባው። «ለቅዳሜ ይደርስለት ይሆን» ያለው ሰው እጅ ትከሻው ላይ እንደገና ያረፈ መሰለው።

«አልሰበርኩትም» አለ አካለ ወልድ በቀስታ። «አሳረፍኩት።»

«የይለፍ ቃሌን የሰጠሁህ ወንድሜ ብዬ ነው!» አለ ደምለው። «ባዘዘውን ሌባ አደረግኩት፣ እኅቴን ጠረጠርኩ። አንተ ግን ትከሻዬን ይዘህ አጽናናኸኝ።»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች ሥራነሽ።

ወይዘሮ እቴናት የደምለውን ወረቀት አነሡ። «ማን እንዳደረገው ያወቅኩት ከሱ ወረቀት ነው። ለምን የሚለውን ግን ያንተ ወረቀት ላይ ነው የጠረጠርኩት። ስለ ቅዳሜው ፈተና ማንንም እንዳልጠይቅብህ ‹አካለ ወልድ አያውቅም፣ ባያውቅም ይሻላል› ብለህ ጽፈሃል። ለምን ይሻላል?»

አካለ ወልድ በደምለው ፈንታ መለሰ።

«ረቡዕ ፈተና ላትም ስገባ የቡድኑን መልእክት ሳትዘጋው ሄደሃል። ‹አብሮህ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ካለ ሁለታችሁንም እንፈትናለን› ይላል። ከሥሩ የመለስከውን አንተው ንገራቸው።»

ደምለው ‹የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ› ብሎ ነበር የጻፈው። የጻፈውም አካለ ወልድ ከሱ የተሻለ ተኳሽ ስለሆነ ነው። ይህን ለራሱ እንኳ ያመነው አሁን፣ ሰው ሁሉ አፉን እየጠበቀ ሳለ ነው። ለመናገር ሞከረ፤ «የለኝም አልኩ» ከሚለው በላይ አልወጣለትም። ሥራነሽ ተረቱን እንዳልተረተች ሁሉ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

አካለ ወልድ ከግድግዳው ላይ የራሱን ማዳመጫ አወረደና አንገቱ ላይ አደረገው። ለወይዘሮ እቴናት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ቅዳሜ ይቅናህ» አለ ለደምለው፤ በዘበትም አልነበረም። ወጣ። ባዘዘውም ተከትሎ ተነሣ፤ ይቅርታ እስኪሉት አልጠበቀም።

ወይዘሮ እቴናት ማሽኑን ወደ ድሮው ማዘዣ መለሱት። ጌሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ‹ዕረፍት› የሚለውን ግን ከዝርዝሩ ሳያጠፉ ተዉት።

«እሱን አንተው አጥፋው» አሉ መነጽራቸውን እየከተቱ። «እኔ የማውቀው የማሽኑን ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ደምለው ብቻውን ተቀመጠ። ግራ በኩል ያለችው ወንበር ቦታዋ ላይ ናት። ጠዋት ወደ አካለ ወልድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ወደ ጉንደ ወይን፣ እናቱ ዘንድ ተሳፍሯል አሉት። ሁለት ጊዜ ደወለለት፤ አላነሣም። ከዝርዝሩ ላይ ‹ዕረፍት›ን አወጣና ማሽኑ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ትንሽ አየውና ሳይመልስ ዘጋው።

ፈታኙ በማዳመጫው ውስጥ ስሙን ጠየቀው፣ ድምፁንም ፈተሸ።

«አብሮህ የሚጫወት የለህም ነበር ያልከው፣ አይደል?»

«ነበረኝ» አለ ደምለው።

ፈታኙ ያልሰማ መስሎ ወደ ቆጠራው አለፈ። ጌሙ ተከፈተ፤ ከኋላ የሚወጣው አየር መሞቅ ጀመረ።