ያልበሰለው ሊጥ

«ወላሂ በሩን አልዘጋሁትም!» አለ ሙነወር።

«ታዲያ በሩ ነፍስ ዘርቶ ራሱን ዘጋ?» አለ ኮንስታብሉ፣ ካቴናውን እያንቃጨለ።

«ጁምዓ ልሰግድ ስወጣ ወለል አድርጌ ነው የተውኩት! የአሥር ዓመት ጓደኛዬን በጭስ የማፍነው ምን ሆኜ ነው?»

ኢንስፔክተር ኡሙሰልማ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጧል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ እሷ ምሳ ልትቀርብ ስትል ነው። የዛሬው ሟች መካኒኩ አሻግሬ ነው። ሙነወር ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ ሚኒባስ ኋላ፣ ማጅራቱ ተፈንክቶ ተጋድሟል። ኮንስታብሉ የጋራዡን ባለቤት ሙነወርን ካላሰርኩ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እሱ ከታሰረ ጋራዡም ተዘጋ፣ ልጆቹም ጾም አደሩ ማለት ነው።

«እስቲ አንተ ድገምልኝ» አለችው ሬሳውን ያገኘውን የሚኒባሱን ባለቤት፣ ዝናውን። እያዛጋች ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ መጣሁ። በሩ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ያጓራል። ስከፍተው ቤቱ ጭስ ብቻ! አዙሮት ሲወድቅ ከጠረጴዛው ብረት መንከሻ ጋር ተላትሟል። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን እየተሠራለት ነበር ሞተሩ?»

«ቴስታታው ነዋ፣ የሞተሩ ክዳን» አለ ሙነወር። «ዝናው ለግሸን ንግሥ ተሳላሚ ሊጭን ነው። የአምባሰል ዳገት ላይ ጉልበት አነሰኝ አለ። ክዳኑ ከሥሩ ሲላጥ ቤንዚኑ ጠበቅ ብሎ ይታመቃል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከበዛ ግን እኛ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን አይችለውም፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ይበሳል። አሻግሬ ትንሽ ብቻ ልጦ፣ የቀረውን ጉልበት የአየር መግቢያውን አስፍቶ ሊያመጣው ነበር። ቶሎ በል እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው ዝናው ነው።»

ጎረቤት ዳቦ የምትጋግረው አሰገደች እጇ ዱቄት እንደሆነ ቆማለች።

«እትዬ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተዋል?»

«ከጎኔ ያለው ወፍጮ እንዲህ እያጓራብኝ ምን እሰማለሁ ልጄ? ጠዋት ግን አሻግሬ መጥቶ እፍኝ የማትሞላ ሊጥ ለመነኝ። ለምንህ ነው ብለው፣ ‹ለመኪናው ቁርስ› ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።»

ኡሙሰልማ ማዛጋቷን አቆመች። ጫማዋን አጥልቃ፣ ወገቧን ይዛ ተነሳችና ኮፈኑን ከፈተች። ክዳኑ ላይ ያለውን ብሎን በጣቷ ብታዞረው ተሽከረከረ።

«ኑ ሁላችሁም። ሙነወር፣ ይሄን ክዳን አንሳልኝ።»

የታሰረው በሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ እነሱም በእጅ ተፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ ፒስቶኑ አናት ላይ ነጭ ሊጥ ተጋድሟል። ገና እርጥብ ነው፤ የቫልቩ ቅርጽ ታትሞበታል።

ሙነወር ሊጡ ላይ አጎነበሰ። «ይሄ የአሻግሬ ዘዴ ነው። ከተላጠ በኋላ ቫልቩ ፒስቶኑን ይነካ እንደሆነ በሊጥ ነው የሚለካው። ክዳኑን ላላ አርጎ ያስርና ሞተሩን በእጁ ያዞራል፤ ከዚያ አንስቶ የሊጡን ውፍረት ያያል።»

«ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ ይሄ ሊጥ አሁን ከሰል ነበር» አለች ኡሙሰልማ በደከመ ድምፅ። «ጥሬ ነው። ዛሬ ሞተር አልተነሳም፤ ጭስም አልነበረም። አሻግሬን ያዞረው ነገር የለም፤ የገፋው ሰው ነው ያለው። ሙነወር ገፍቶት ቢሆን የጭስ ወሬ አይፈጥርም፤ ክዳኑ እንዳልታሰረ ያውቃላ። በሩ ዝግ ነበር ያለውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ዝናው፣ አንተ ክዳኑን ከላዩ አይተህ ሥራው ያለቀ መሰለህ። ያልተነሳ ሞተር አጠፋሁ አልከኝ እኮ!»

ዝናው ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ቁልፌን ስጠኝ አልኩት። ‹ሳልሞክረው አላስረክብህም፣ ሕዝብ ጭነህ ገደል አትገባም› አለኝ። ገፋ ነው ያደረግኩት… ብረቱን አላየሁትም።» ወደ አሰገደች ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይፍረዱኝ! ተሳላሚ ላደርስ ብዬ ነው የተጣደፍኩት። ለእርስዎም ጋቢናውን ይዤልዎት ነበር!»

አሰገደች ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አሻግሬን አለበሰችው።

«ጋቢናውን ለሱ ስጠው» አለችው። «እኔ እግር አለኝ።»