ኮምፒውተሩ ያላወቃቸው ሁለት ፊደላት

የበእውቀቱ አስከሬን የተገኘው ከሚሠራበት የብራና መጻሕፍት ፎቶ ማንሻ ቢሮ ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ከታች ገብስ ሲያርም የነበረው አለሜ ሰውዬው ሲወድቅ አይቷል፤ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ዳገቱን ወጥቶ ወሬውን ለፖሊስ እስኪያደርስ ዘጠኝ ሆነ።

ኢንስፔክተር ሰብሌ ቢሮው ስትገባ ለሟቹ ያዘነ ፊት አላየችም።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ ኃላፊው ምሥጋናው፣ ሳትጠይቀው። «የአንዱን ድርሳን ፎቶዎች በሙሉ አጥፍቶ ዘለለ። ከሁላችንም ጋር ተጣልቷል።»

«ከእኔ ጋርማ በደንብ!» አለች ፎቶ አንሺዋ ፍቅርአዲስ። «ማጥፊያውን ትእዛዝ አሳጠርሽው ብሎ ትናንት ሰው ፊት ጮኾብኛል።»

«ማሳጠር ማለት?»

ፍቅርአዲስ በረጅሙ ተነፈሰች። «ኮምፒውተሩን የምናዘው በጽሑፍ ነው፤ አንዱ ትእዛዝ መስመር ይሞላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በየኮምፒውተራችን አጭር ስም እናወጣለታለን። ሁለት ፊደል ስንነካ ረጅሙ ይፈጸማል። እኔ ያወጣሁትን ስም ግን የእሱ ኮምፒውተር አያውቀውም።»

«እሱስ ማጥፊያውን ምን ብሎት ነበር?»

«ምንም። እጅ ይስታል፣ ለማጥፊያ አቋራጭ አይሠራም ባይ ነው።»

ሰብሌ ወደ መጻሕፍቱ ጠባቂ ዞረች። «እርስዎስ መሪጌታ?»

«እኔ ያንን ዕቃ ነክቼው አላውቅም» አሉ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ። «ጠዋት ድርሳኑን ስገልጠው አንድ የብራና ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል። በእውቀቱን ብጠይቀው ‹ፎቶው አለ፤ የወሰደውንም አውቃለሁ› አለኝ። ስሙን ግን አልነገረኝም።»

«እርስዎ አጉድለው በእኛ ሊያላክኩ ነው?» አምባረቀ ምሥጋናው።

ሰብሌ የሟቹን፣ የፍቅርአዲስንና የምሥጋናውን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ ሰዎቹን ሁሉ በሟቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ኮምፒውተር የተጻፈበትን ከነሰዓቱ መዝግቧል። ፎቶዎቹ የጠፉት ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በእውቀቱ ያኔ ገደል ሥር ነበር።»

ሰብሌ በጣቷ ከፍ ያለውን መስመር አመለከተች።

«ፎቶዎቹ ከመጥፋታቸው አፍታ በፊት ግን አንድ ሰው ‹ኪው ዜድ› ብሎ ጽፏል። ኮምፒውተሩ አላወቀውም። ወዲያው ረጅሙ የማጥፊያ ትእዛዝ ተከተለ። ሰውዬው ተጣድፏል፤ ጣቱ የለመደውን ነካ፣ እምቢ ሲለው ሙሉውን ጻፈ። የፍቅርአዲስ አቋራጭ ሌላ ነው። ‹ኪው ዜድ› ያለው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ አቶ ምሥጋናው።»

«ሁለት ፊደል ነፍሰ ገዳይ ያደርገኛል?»

«የሟቹ ጥፍር ውስጥ ደም አለ። እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

አልሰበሰበም። ፖሊሱ ሰበሰበው፤ ክንዱ ገና ባልደረቀ ቡጭሪያ ተተልትሏል።

«እስከ ማታ ካልመለስክ እናገራለሁ አለኝ!» ጮኸ ምሥጋናው። «እኔን የሚያዘኝ እሱ ማን ሆኖ ነው?»

«ለዚህ ነዋ ስምህን የሸሸገኝ» አሉ መሪጌታ። «እንድትመልሰው ጊዜ ሰጥቶህ።»

ቅጠሉ ከምሥጋናው ቦርሳ ወጣ። ውጭ የበእውቀቱን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ዳገቱ አቅቷቸው ቆመው ነበር። ፍቅርአዲስ ማንንም ሳታይ ወጣችና አንዱን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አደረገች።