በልጇ ፈንታ የመለሰች እናት

ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሲሄድ አፉን ቤቱ ትቶ ይሄዳል። ሐኪሙ በሽተኛውን ይጠይቃል፣ አስታማሚው ይመልሳል። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲባል አክስት ትቀድማለች፣ ባል ያርማል፣ እናት ትደመድማለች። በሽተኛዋ መሀል ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጣ ታያለች። ይህ ታሪክ የአንዲት እንዲህ ያለች እናት ነው። ሰምታችሁ እሷን ብቻ ከምትታዘቡ የራሳችሁንም አፍ ዳሰስ አድርጉት።

ሴትየዋ የሰው ልብስ እያጠበች የምትተኩስ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ሁለት የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከጎን በእንፋሎት ያላበው መስኮት። ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይላታል። ባልና ሚስት ቢጣሉ እሷ ጋ ነው፣ ሕፃን አልጠባ ቢል እሷ ጋ ነው፣ የዘይት እድፍ አልለቅ ቢልም እሷ ጋ ነው። የማታውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ለሰው ተናግራ አታውቅም።

ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ አብራት የምትተኩስ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ዝምተኛ ናት!» ይላል። ዝምተኛ አይደለችም፤ ተራ አግኝታ ስለማታውቅ ነው።

መጀመሪያ የታመመው ዓይኗ ነው። አንድ ቀን ቀይ ሸሚዝ ብድግ አድርጋ አንዱን ዓይኗን ጨፍና አየችው፤ ደግሞ ሌላውን ጨፍና አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ ሸሚዝ ለቋል እንዴ?»

«ምን ይለቃል! ደም የመሰለ ቀይ ነው።»

«በዚህኛው ዓይኔ ሳየው እኮ ያረጀ ጡብ ይመስላል። ዓይኔን ሳዟዙረውም ያመኛል።»

«እንቅልፍ ነው። ትተኚያለሽ፣ ይተውሻል።»

ብዙም ሳይቆይ ካውያው መዳፏን አቃጠላት። የቆዳውን ሽታ ሰምታ የጮኸችው እናትየዋ ናት፤ ልጅቱ ምንም አልተሰማትም። ይሄኔ ዳኛዋም ደነገጠች፤ ወደ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች።

የነርቭ ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ልጅቱን በደንብ ከመረመረቻት በኋላ እንዲህ አለች፦ «ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም አለ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። እሱ ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም። ጭንቅላቷንና አከርካሪዋን በኤም አር አይ እናንሳ። መሀል ላይ በደም ሥሯ ቀለም ይሰጣታል፤ አሁን የቆሰለውን ከቆየው ጠባሳ የሚለይልኝ እሱ ነው። የምትጠይቁት አለ?»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልጠየቀችም። መጠየቅ ለእሷ መሸነፍ ነበር።

ከሱቋ አጠገብ ያለችው ሻይ ሻጭ ግን የምትነግራት አላጣችም።

«እትዬ፣ ያ ቀለም እኮ ብረት ነው አሉ!»

«ማነው ያለው?»

«የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ እህት። አንጎል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ኩላሊት ያደርቃል። ስልክ ላይ ሁሉ ወጥቷል።»

«ስልክ ላይ ከወጣማ!» አለች ዳኛዋ፤ ጉዳዩን እዚያው ፈረደችው።

ልጅቱ ማታ ራት ላይ፣ «ሐኪሟን ለምን አንጠይቃትም?» ብላ ነበር።

«ጨርቅ ሻጩ፣ ጨርቄ ይለቃል ብሎ ነግሮሽ ያውቃል? ዝም በይ፤ እኔ አለሁልሽ።»

የምርመራው ቀን የማሽኑ ባለሙያ ልጅቱን አስቀምጦ መጠየቅ ጀመረ።

«እህቴ፣ የኩላሊት ችግር አለብሽ?»

«አለባት!» አለች እናት።

ልጅቱ ዞር ብላ አየቻት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቷ! ኩላሊቷ ደህና ውሎ አያውቅም።»

«እናቴ፣ እሷ ራሷ ብትመልስልኝ ይሻላል።»

«እኔ ነኝ የወለድኳት! ከነኩላሊቷ!»

ባለሙያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እንግዲያው ደሟ ሳይመረመር ቀለሙን አልሰጥም። ቀጠሮውን እንለውጥ?» አለ።

«ያለ ቀለሙ አንሳት። ሥራ ፈት አይደለንም።»

ልጅቱ ከንፈሯን ከፈት አደረገች። እናትየዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ከንፈሯ ተዘጋ።

ምስሉ ወጣ። ሐኪሟ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን አሳየቻቸው። «ጥርጣሬዬ በርትቷል፤ የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ግን ከዚህ መለየት አልቻልኩም። ኩላሊቷን በደም እንመርምር። ደህና ከሆነ በቀለም እንደግመዋለን፤ ካልሆነም ሌላ መንገድ አለ። ብቻ እንዳትጠፉብኝ» አለች።

ጠፉ። የደም ምርመራው ውሸቷን እንደሚያወጣው እናትየዋ አውቃለች፤ ከልጇ ሕመም ይልቅ የፈራችው ያንን ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የልጅቱ ዓይን ከጊዜ በኋላ በራሱ ተሻለው። ይህ ሕመም እንዲያ ነው፤ ሄድኩ ይላል፣ አይሄድም። ዳኛዋ ግን ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ ለመጣው ሁሉ ታወራ ጀመር፦ «አላልኳችሁም? እንቅልፍ ነበር! ያንን መርዝ ሊወጓት!» ሰዎችም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ምክሯን ከተተኮሰ ልብሳቸው ጋር ይዘው ሄዱ።

ወራት አለፉ። ልጅቱ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ወደ ኋላ ስትገባ ደረጃው ላይ ወደቀች። እናትየዋ «ተነሺ!» ብላ ክንዷን ሳበቻት። ልጅቱ እግሮቿን ቁልቁል አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩ አየቻቸው።

«እማዬ፣ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም።»

ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ ያቺው ሐኪም መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «የኩላሊት ሐኪሟ ማነው? መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ላነጋግረው» አለች።

እናትየዋ የአልጋውን አንሶላ ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«ኩላሊቴ ጤነኛ ነው፣ ዶክተር» አለች ልጅቱ፤ «ፈርተን ነው የዋሸነው።»

እግሯ ከድቷት ተኝታ እንኳ ውሸቱን ለሁለት ተካፍላ ግማሹን በራሷ ላይ ጫነች። እናትየዋ መሬቱ ቢከፈት ትገባበት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታሳፍር የኖረች ሴት፣ ማፈር እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀችው፤ ከጆሮ ጫፍ እስከ እግር ጥፍር የሚያቃጥል ነገር ነው።

«እሷ የለችበትም» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «እኔ ነኝ። ቀለሙ ብረት ነው፣ አንጎል ውስጥ ይቀራል ሲሉኝ...»

«ታዲያ ይህንን ለምን አልጠየቁኝም? የሚጠየቅ ጥያቄ እኮ ነው» አለች ሐኪሟ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እውነት ነው፣ ብረት ነክ ነገር አለው፤ በጣም ጥቂቱም ሰውነት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው ላይ በዚህ ምክንያት ጉዳት እንዳደረሰ እስካሁን አልተረጋገጠም። እንዲያም ሆኖ እንጠነቀቃለን፤ ስለ ኩላሊት፣ ስለ አለርጂ፣ ስለ እርግዝና የምንጠይቀው ለዚሁ ነው። በየምርመራው ሁሉ አንሰጠውም፤ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንጂ። ያኔ አስፈልጎኝ ነበር።»

«ያኔ ቢሰጣት ኖሮ እግሯ...?»

«አይደርስባትም ነበር ብዬ አልምልልዎትም። ሕክምናውን ቀድመን ለመጀመር ግን ዕድል ይኖረን ነበር።»

ብትፈርድባት ኖሮ ዳኛዋ ትከራከር ነበር። ይህን ግን በምን ትከራከረዋለች? ዛሬም ድረስ አብሯት የሚያድረው ይኸው ነው።

የልጅቱ ደም ተመረመረ፤ ኩላሊቷ ደህና ነው። ቀለሙ ተሰጣት፤ ሕመሙ ያው የተጠረጠረው ሆነ፤ ሕክምናው ተጀመረ። እግሯም ቀስ በቀስ ታዘዘላት፤ ግራው ብቻ እስካሁን መሬት ይጠርጋል። ከሐኪም ቤት በወጡ ቀን ልጅቱ በር ላይ ቆም አለች።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስጠየቅ የምመልሰው እኔ ነኝ። መዋሸትም ካስፈለገ የራሴን እኔው እዋሻለሁ።»

«እሺ፣ እናቴ» አለች እናት። «እሺ» ያለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ያም ሆኖ ሰፈሩ አላወቀም። የወደቀችው ከድካም ነው እየተባለ ይወራ ነበር፤ እናትየዋም ወሬውን አላረመችውም። አንድ ጠዋት ግን ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ የጫማ ሰፊው ሚስት እያለከለከች ገባች።

«እትዬ፣ ጭንቅላቴን በዚያ ማሽን ሊያነሱኝ ነው፤ ቀለምም አለው ብለውኛል። እርስዎ የነገሩኝን አስታውሼ እንቢ ልላቸው ነው። አይደል?»

ልጅቱ ከኋላ ሆና ትሰማለች፤ ቁጭ ብላ ነው የምትተኩሰው። ካውያውን አነሳችና ሳታሳርፈው ቀረች።

ዳኛዋ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም የሚያውቃት ሰው ነው። ፊቷ ጋለ።

«የነገርኩሽ ውሸት ነው» አለች። «ሐኪሞቹን ዋሸኋቸው፣ ልጄን ዝም አስባልኳት። እግሯን የምትጎትተው ደክሟት አይደለም፤ ታማ ነው። ሕክምናዋን ያዘገየሁባት እኔ ነኝ።»

ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

«እና እኔን ይጎዳኛል ወይስ አይጎዳኝም?» አለች የጫማ ሰፊው ሚስት ግራ ገብቷት።

«አላውቅም።»

ያ ሰፈር ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም።

«አላውቅም» አለች ደግማ፣ አሁን ቀና ብላ። «እድፍ ከሆነ እኔን ጠይቂኝ። ይሄን ግን ሂጂና ሐኪምሽን ጠይቂ፤ የፈራሽውን ሳትደብቂ ንገሪያት፣ የምትጠይቅሽንም እውነቱን መልሺላት። ስትሄጂ የራስሽን አፍ ይዘሽ ሂጂ፤ የእኔን እዚሁ ተይልኝ።»