ከበሩ የማይነቀለው ቁልፍ

ቋ... ቋ... ቋ...

የከዘራው ድምፅ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያስተጋባ ከባለቤቱ ቀድሞ መጣ። ኢላሪያ ከአሮጌው የከተማ በር ስር ቆማ ሰማችው። አያቷ ሴቴሚዮ ከመታጠፊያው ብቅ አሉ፤ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የእሁድ ባርኔጣቸውን ደፍተው።

«የልጅ ልጄ አብረን እንዙር ትለኛለች! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

ኢላሪያ ለማስመሰል ሳቀች። ጠዋት አባቷ «እስከ ማታ ከተማውን እያዞርሽ አቆዪያቸው፤ ቤት እንዳይመለሱ» ብሏታል። ከትልቁ ከተማ ከሚላኖ የመጡ ሰዎች የአያቷን ቤት ሊገዙ ዛሬ ያዩታል። «ለሳቸው ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» አለ። መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

እንደ ከተማቸው እንደ ሮካሴርና ሰው ሁሉ ሴቴሚዮም እየሄዱ ማውራት አይሆንላቸውም። ወሬ ሲመጣላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወሬ ደግሞ በየእርምጃው ይመጣላቸዋል። የመንገዱን ደረጃ ወጥተው ሳይጨርሱ ረፋዱ አለቀ።

«ሴቴሚዮ! ይቺን ቆንጆ ከየት አገኘሃት?» አሉ ጎረቤታቸው ፒና፣ መስኮት ላይ ልብስ እያሰጡ።

«ቀናሽ እንዴ?»

«በምንህ ልቅና! ከዘራ ይዘህ እንኳ ቀጥ ብለህ አትሄድ!»

ከከተማው ግንብ ጫፍ ተቀምጠው ይዘው የመጡትን እሸት ባቄላ በበግ አይብ ይበሉ ጀመር። ከታች የወይራው ማሳ ጸጥ ብሏል። ሴቴሚዮ እየፈለፈሉ ለጋ ለጋውን ለእሷ ይሰጧታል፤ ጠንካራውን ለራሳቸው ያስቀራሉ፣ በዚያ ጥርሳቸው።

«ጨው ረሳን! ቆይ፣ ከቤት ላምጣ።»

«አይ አባባ! ያለ ጨውም ይጣፍጣል።»

«ባቄላ ያለ ጨው? የሚላኖ ሰው ሆንሽ እንዴ? በይ አንቺ ሩጪ፤ ቁልፉ እንደሁልጊዜው በሩ ላይ ነው።»

በሮካሴርና ጎረቤት ሳያንኳኳ እንዲገባ ቁልፍ በውጭ በኩል ተሰክቶ ይኖራል። የሚነቀለው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ዛሬ እንግዶቹም በዚያው ቁልፍ ገብተዋል።

ኢላሪያ ብድግ አለች። ሮጣ ጨዉን ማምጣት፣ ምንም እንዳላየች ዝም ማለት ትችላለች። መዳፏ ላይ ያለውን ለጋ ባቄላ አየችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባባ... ቤት ውስጥ ሰዎች አሉ። ሊገዙት ነው። እኔም... እርስዎን እንዳቆይ ነው የተላክሁት።»

ሴቴሚዮ የያዙትን ባቄላ ፈልፍለው ጨረሱ። አልተቆጡም። ከዘራቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ፤ ኢላሪያ ተከተለቻቸው። እቤት እስኪደርሱ አንድም ጊዜ አልቆሙም።

ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። «ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በበጋ ይቀዘቅዛል።»

ሴቴሚዮ ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ዝገት የያዘውን ቁልፍ በሁለት እጃቸው እያወዛወዙ ነቀሉት።

«አባባ!»

መዳፏን ዘርግተው ቁልፉን አስቀመጡባት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት፤ ግንባሯን ሳሟት።

«ኢላሪያ? አንቺ ነሽ?» ሲል አባቷ ከውስጥ ተጣራ። «እስቲ ቁልፉን አቀብዪኝ፤ ሰዎቹ ሊያዩት ፈልገዋል።»

ኢላሪያ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።

ቋ... ቋ... ከዘራው ከመታጠፊያው ማዶ እየራቀ ሄደ።