የሙታን ዳኛ በቁራኛ

የመረባ ከተማ በተቃጠለች በሰባተኛው ዓመት፣ የሙታን መታሰቢያ በሚከበርበት ቀን ረፋድ ላይ፣ የአጋፋሪ መንደፍሮን ድንጋይ ጨው አላበው።

በመረባ መንግሥት ለሞተ ሰው ሁሉ በደጁ ጥቁር ድንጋይ ይተከላል። ሟቹ ዕረፍት አግኝቶ እንደሆነ ድንጋዩ ጤዛ ይይዛል፤ በሙታን አገር ጨው ሜዳ እንዲታሽ ተፈርዶበት እንደሆነ ጨው ያወጣል። የሙታን ፍርድ ይዘገያልና የመንደፍሮ ድንጋይ ሰባት ዓመት ሙሉ ደርቆ ቆየ። በዚያ ረፋድ ግን ከጫፉ እስከ ሥሩ ነጭ ሆነ። ሕዝቡ ከገበያ እየጎረፈ መጣ። አንዳንዱ ተፋበት። አንዱ ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካና «ለወጥ ይሆን ይሆን?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

የመንደፍሮ ልጅ ታምሪት ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ የሳቁትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗን ብትሰብር አባቷን ዳግም የቀበረችው መስሎ ተሰማት፤ ስለዚህ አልሰበረችም።

የአባቷን ነገር የማያውቅ አልነበረም። የቀይ ጋሻ ሠራዊት አገሩን እያቃጠለ ሲመጣ ንጉሡ የከተማው በር እንዲዘጋ አዘዘ። ከበሩ ውጭ ግን ከየመንደሩ ሸሽቶ የመጣ አንድ ሺህ ያህል ገበሬ ቀርቶ ነበር። የበሩ አጋፋሪ መንደፍሮ መወርወሪያውን አነሣ። ሕዝቡ ገባ፤ ሠራዊቱም ተከትሎት ገባ። በዚያ ቀን ሁለት መቶ አርባ የከተማ ሰው አለቀ፤ መንደፍሮም እዚያው በሩ ላይ ተሰየፈ። ይህ ሁሉ ደግሞ እርሱ ገና ሳይወለድ የሙታን ዳኛ በሚፈርድበት በታላቁ መጽሐፍ ተጽፎ ነበር፤ «ከበረኞች ወገን የሚወለድ በር ይከፍታል፤ ከተማም ይነድዳል» ተብሎ።

የመጽሐፉ አንባቢዎች አለቃ፣ ሊቀ ንባብ ዘሙይ፣ በሕዝቡ መካከል እያለፈ መጣ። ድንጋዩንም ተመለከተና «የተጻፈው ሆነ፤ ስለሆነውም ተፈረደበት። ምን ያስደንቃል?» አለ።

«እስቲ ይድገሙት» አለች ታምሪት።

«ምኑን?»

«አባቴ ሳይወለድ የተጻፈበትን አደረገ። ስላደረገው በጨው ይታሻል። ነው ያሉት?»

«ነው።»

«ታዲያ አባቴ ለምን ይታሰራል? የጻፈው ይታሰር እንጂ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሊቀ ንባቡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ይህ ምሥጢር ነው።»

«እናንተ መልስ ሲያልቅባችሁ ምሥጢር ነው ትላላችሁ! ሰው ሲሰቃይ እያያችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፤ ከዚያ ምሳችሁን ትበላላችሁ። እኔ ግን አልነቀንቅም።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ስሙኝ የመረባ ሰዎች! በአገራችን ሕግ፣ በተቃጠለው በር፣ በአባቴም ስም እምላለሁ፤ ወደ ጨው ሜዳ ወርጄ የሙታንን ዳኛ፣ ፈታሔ ሙታንን እከሰዋለሁ። የሞቱትን ሁሉ ቢያስፈራ እኔ ገና አልሞትሁም!»

ይህ ድፍረት ከባዶ የመጣ አልነበረም። በመረባ ሕግ ማንም ይሁን ማን «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ካለበት ይቆማል። የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስም ሁለቱ በቁራኛ አይለያዩም። በአንድ ዘመን ንጉሡ ራሱ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋር ተቋጥሮ ሦስት ቀን ጭቃ ረግጧል። የሙታንን ዳኛ ፈታሔ ሙታንን ግን በቁራኛ ልያዝህ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከሕዝቡ መካከል ጦር የያዘ ሰው ወጣ። ግርማጭ ይባላል። ወንድሙ ዳምጤ በዚያ ቃጠሎ ነበር ያለቀው።

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ?»

«አባትሽ በጨው ሲታሽ በዓይኔ ላይ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ በቅሎም የለኝ።»

«ግድ የለሽም፤ ጥላቻዬ ያደርሰኛል።»

አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። የመስተዋት ተራሮችን ወጡ፤ ውኃው ሽቅብ የሚፈሰውን ወንዝ ተሻገሩ። ግርማጭ በመንገድ ሁሉ አባቷን ይረግማል፤ እርሷ ደግሞ እርግማኑ ሲደገም «ይሄን ትናንት ብለኸዋል፤ አዲስ የለህም?» ትለዋለች። ያም ሆኖ የውኃው ቅል ሲጎድል መጀመሪያ የሚያጠጣት እርሱ ነበር።

በሃያኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሙታን አገር መግቢያ ደረሱ። በዋሻው አፍ ላይ ነበልት ተኝታለች፤ ቤት የምታህል፣ ጋማዋ እሳት የሆነ አውሬ ናት። ሙታን በአጠገቧ ሲያልፉ ቀናም አትል፤ የምትበላው ሕያዋንን ብቻ ነው። የሁለቱን ሽታ እንዳገኘች ተነሥታ አገሳች፤ ከዋሻው ጣሪያ ድንጋይ ረገፈ።

ግርማጭ ታምሪትን ገፈተራትና ጦሩን አዘጋጀ። «በጎን ሩጪ!»

«ትቼህስ?»

«ላንቺ አባት መስሎሽ ነው? ክሱ እንዲሰማ ነው! ወንድሜ ለምን እንደሞተ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠየቀልኝ የለም። ሂጂ ስልሽ!»

ሮጠች። ከኋላዋ የአውሬዋን ጩኸትና የግርማጭን ፉከራ በአንድነት ሰማች፤ ከዚያ ሁለቱንም አልሰማችም።

የጨው ሜዳ ፀሐይ ሳይኖርበት ያንጸባርቃል። እስከ አድማስ ድረስ ሰዎች እስከ ደረታቸው ተቀብረዋል፤ የማያቋርጥ ነፋስ ጨዉን እያነሣ ቁስላቸውን ያሻል። ሜዳውን ለሁለት በሚከፍለው መንገድ ላይ ፈታሔ ሙታን ቆሟል። ቁመቱ የዝግባ ያህል ነው፤ ነጭ ኩታ ለብሶ መጽሐፉን በእጁ ይዟል። ሙታን ሲቀርቡ ቀና ብሎ አያያቸውም። ገጹን ይገልጣል፤ በጣቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይጠቁማል፤ ሌላ ገጽ ይገልጣል።

ታምሪት ይህን ስታይ ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ተለወጠ። በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

ነፋሱ ቆመ። የተቀበሩት ሁሉ ራሳቸውን አዞሩ። ፈታሔ ሙታንም ጣቱ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ፤ ሕጉን ለሰው ልጅ ያስተማረው እርሱ ነበርና ሊጥሰው አልቻለም። እርሷም ቀርባ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረች።

«ከስሰሽኛል» አለ፤ ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነበር። «በዚህ አገር ግን ከእኔ ሌላ ዳኛ የለም።»

«ማንም በራሱ ነገር ዳኛ አይሆንም። የመንገድ ሕግ አለን፤ መጀመሪያ በመንገዱ የመጣ ሰው ይፍረድ።»

ሁለቱም ወደ መንገዱ ተመለከቱ። አንድ ሰው እያነከሰ መጣ።

ግርማጭ ነበር። ታምሪት በደስታ ልትጠራው አፏን ስትከፍት እግሩ ሥር ያለውን ጨው አየች። ጥላ የለውም።

«ግርማጭ» አለች ቀስ ብላ። «ጥላህ የት አለ?»

«ከአውሬዋ ጋር ተውሁት። ጦሬም ጉሮሮዋ ውስጥ ነው፤ ስትመለሺ መንገዱ ክፍት ነው።» የተቋጠረውን ልብስ አየና ሳቀ። «በእውነት ያዝሽው እንዴ?»

አባቷን የሚጠላው፣ አሁን ደግሞ በእርሷ ምክንያት የሞተው ሰው ዳኛዋ ሆነ።

«ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ትፈልጊያለሽ?» አለ ፈታሔ ሙታን።

«አልፈልግም።» እንባዋን ጠረገች። «ግርማጭ፣ ተቀመጥና ፍረድ።»

ግርማጭ በጨው ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። «ከሳሽ ተናገሪ።»

ታምሪት ተናገረች። ያልተጠየቀ ሰው እንዴት በደለኛ እንደሚባል፣ የተጻፈበትን የፈጸመ እንዴት እንደሚቀጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንኳ ሳትደናቀፍ አስረዳች። ስትጨርስ ከጨዉ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ።

ፈታሔ ሙታን መጽሐፉን ዘጋ። «እውነት ነው። መንደፍሮ የተጻፈበትን አደረገ። ፈቃድ ያልነበረው ሰው በደል የለበትም። ተለቅቋል፤ አባትሽን ወደ ዕረፍት አድርሺው። ቋጠሮውን ፍቺ።»

አሸነፈች። በዚህ ቅለት! ጨዉ ተሰነጠቀና መንደፍሮ ወጣ፤ ከስቷል፤ ቆዳው ተልጧል። ታምሪት እጇን ወደ ቋጠሮው ስትሰድድ ግን «ተይው» አላት።

«አባዬ?»

«ተይው አልኩሽ። እንዲህ ከሆነ አልወጣም።»

«አባዬ፣ ዝም ይበሉ! አሸንፌያለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ፤ አፍሽ ከልጅነትሽ ስለት ነው። አሁን ግን የቆረጠው እኔን ነው።» ወደ ዳኛው ዞረ። «እጅ አልነበረህም ነው የምትሉኝ? ገበሬዎቹ በመዳፋቸው በሩን ሲመቱ ሰምቻለሁ። ከኋላቸው የጠላት አቧራ ሲነሣ አይቻለሁ። ሁለቱንም አውቄ ከፈትሁ! ልተወው ብል ኖሮ እንደ ተዘጋ ይቀር ነበር። የከፈተው መጽሐፉ ነው ካላችሁ፣ ያን ሺህ ሰው ያዳነው ቀለም ነው፤ ሁለት መቶ አርባውንም የገደለው ቀለም ነው፤ ታዲያ እኔ የት ነበርሁ? ጨዉን እችለዋለሁ። ሰው አልነበርህም መባልን ግን አልችልም።»

ታምሪት አባቷን አየች፤ የተላጠውን ትከሻውን፣ የቆመበትን አቋም። እጁን ይዛ ብትጎትተው አቅም አልነበረውም፤ ይከተላት ነበር። ሃያ ቀን የተጓዘችው ለዚህ ነበር። ቋጠሮውን መፍታት ብቻ ቀርቷታል።

«ፍርድህን አልቀበልም» አለች ፈታሔ ሙታንን።

«የለመንሽውን ሰጠሁሽ!»

«ተሳስቼ ለመንሁ! ከአምባ ላይ ሆኖ መንገደኛ ሲወድቅ ያየ ሰው ገፈተረው አይባልም። መጽሐፍህ አይቶ ይሆናል፤ አልገፋም። ገፍቶ ከሆነ በማንም ላይ መፍረድ አትችልም፤ እነዚህን ሁሉ ፍታ። ካልገፋ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ለምን እንዳደረገው መጠየቅ ነበረበት። አንተ ሁለቱንም ሸሸህ! ለመቅጣት ሲሆን ፈቃድ አላቸው አልህ፤ ለመስማት ሲሆን ተጽፎባቸዋል አልህ። ከጥንት ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብለህ አላየህም። ክሴ ይህ ነው።»

ግርማጭ ራሱን በእጆቹ ይዞ ነበር። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«አጋፋሪ መንደፍሮ» አለ፤ ሰባት ዓመት ሲረግመው አንድም ቀን በማዕረጉ ጠርቶት አያውቅም። «ይቁሙ። በሩን በፈቃድዎ ከፈቱ። ስለዚህ የዳኑት የእርስዎ ናቸው፤ የሞቱትም የእርስዎ ናቸው። በሁለት መቶ አርባው ፊት አንድ በአንድ ይቆማሉ። እያንዳንዱ የሚለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ የሚጠይቅዎትንም ይመልሳሉ። የመጨረሻው ሰው ተናግሮ ሲያበቃ ያርፋሉ። መጀመሪያ የሚናገረው ወንድሜ ዳምጤ ነው።»

«ፍርዱ ይገባኛል» አለ መንደፍሮ።

«አንተም የሙታን ዳኛ፣ ከእንግዲህ ሳትጠይቅ አትፈርድም። ጨው ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥቶ ይሰማል። በደለኛ የሆነም ቅጣቱ መጨረሻ ይኑረው፤ ሰው በሕይወቱ መምረጥ ከቻለ፣ ሞቶ መጸጸትንም መምረጥ ይችላል። ፈርጃለሁ!»

ፈታሔ ሙታን ዝግባ የሚያህለውን ቁመቱን አጠፈ። «ሰምቻለሁ» ብሎ ቋጠሮውን በገዛ እጁ ፈታ። በዚያች ቅጽበት በሜዳው ዳር እስከ ዳር ጨዉ ተሰነጠቀ፤ እጆች ወጡ፤ ከእጆቹም በኋላ ትከሻዎች።

ታምሪት በአባቷ ፊት ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ጨዉ ከንፈሯን አቃጠላት፤ አልጠረገችውም።

«አኮራሽኝ» አላት።

«እርስዎም አኮሩኝ፣ አባዬ።»

ግርማጭ በሩቅ የሚመጣ አንድ ወጣት እያየ ቆሞ ነበር። ሳይዞር «ቤቴ ያለውን ጋሻዬን ለአጎቴ ልጅ እንዳትሰጪው» አላት። «ሰነፍ ነው።»

«ለማን ልስጠው?»

«ለራስሽ ያዢው። አሁን ሂጂ፤ ይሄ የእኛ ነገር ነው።»

ከአባቷም ከጓደኛዋም ተለይታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ብቻዋን ወደ ሕያዋን መንገድ ወጣች። ከኋላዋ በዳኛው ፊት አዲስ የመጣች አንዲት አሮጊት ቆማ ነበር። ፈታሔ ሙታን እንደ ልማዱ ጣቱን አነሣ። አወረደው። አሮጊቷንም ቀና ብሎ አያት።

«በሕይወትሽ ያደረግሽውን ለምን አደረግሽው?» አላት።

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅ። ልትሰማኝ ነው?»

«ልሰማሽ ነው።»

«ረጅም ነው። እንግዲያው ቁጭ በል።»

የሙታን ዳኛም ጨዉ ላይ ቁጭ አለ።